መልስ፦ የቆየ የወገብ ሕመም ስፖርት ስሠራ ይብስብኛል፤ ላቁም ወይ?

አታቁም፤ መጠኑን ቀንስ። ሐኪሙ አይቶህ አሳሳቢ ነገር ካላገኘና ሕመሙ ከ3 ወር በላይ ከቆየ፣ ብዙ ጊዜ የነርቭ ሥርዓቱ ከልክ በላይ ንቁ ሆኗል ማለት ነው። ትንሽ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ የእሳት ደወል በለው። ስለዚህ አመመህ ማለት ወገብህ ተጎዳ ማለት አይደለም። ይህን ማወቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሰውነትህ በተግባር መልመድ አለበት።

20 ደቂቃ መራመድ ሕመሙን የሚያስነሳብህ ከሆነ በ10 ጀምር። ሕመሙ ትንሽ ጨምሮ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ችግር የለውም፤ ቀስ እያልክ ጨምር። ካልተመለሰ ዝቅ አድርገው እንጂ አትተኛ።

እኔ እንዳየሁት ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥሩ ቀኑ ነው። ቀለል ሲለው እጥፍ ይሠራና ሳምንቱን ሙሉ ይተኛል። ደህና ስትሆንም ከዕቅድህ አትለፍ። (እግርህ እየዛለ ከሄደ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ።)