ክንዱ ሲደክም ልጁ አይነግራችሁም

የሕፃናት ቤዝቦል ማሠልጠን ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ከኳስና ከጓንት በፊት ደብተርና እርሳስ ያዙ። ወርዋሪው ልጅ ወደ መቺው ኳስ በለቀቀ ቁጥር አንድ ጭረት አስምሩ። «በዓይኔ እከታተለዋለሁ» የሚል አሠልጣኝ፣ ቡድኑ መምራት ሲጀምር 40ኛውን ውርወራ ከ60ኛው አይለይም።

በልጅ ክርን ውስጠኛ ጎን አጥንቱ የሚያድግበት ስፍራ ገና ለስላሳ ነው። በእያንዳንዱ ውርወራ ጅማትና ጡንቻ ያንን ስፍራ ይጎትቱታል። አዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ጅማቱ ነው፤ ልጅ ላይ ግን ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ያልጠነከረ ስፍራ ነው። ትከሻም እንደዚሁ።

የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ የሆነው ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና የአገሪቱ የቤዝቦል አስተዳዳሪ አካል ዩኤስኤ ቤዝቦል በጋራ ያወጡት «ፒች ስማርት» መመሪያ በቀን ከ7 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ 50፣ ከ9 እስከ 10 ላለ 75፣ ከ11 እስከ 12 ላለ 85 ውርወራ ይፈቅዳል። ይህ ጣሪያ ነው፤ መሙላት ግዴታ አይደለም። እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ከ21 እስከ 35 ከወረወረ 1 ቀን፣ እስከ 50 ከደረሰ 2፣ እስከ 65 ከደረሰ 3፣ ከዚያ ካለፈ 4 ቀን ያርፋል። በዓመት ደግሞ ቢያንስ 4 ወር አይወረውርም። ስሌቱ የሚፋለሰው ልጁ ለሁለት ቡድን ሲጫወት ነው፤ ሁለቱም አሠልጣኞች የየራሳቸውን ይቆጥራሉ፣ ክንዱ ግን አንድ ነው። ወርዋሪውን በዚያው ጨዋታ ከመቺው ጀርባ ተቀባይ ማድረግም እረፍት አይባልም። ተቀባይ የያዘውን ሁሉ መልሶ ይወረውራላ!

ልጅ አይዋሽም ይባላል። «ያምሃል?» ስትሉት ግን ቦታውን ላለማጣት «አያመኝም» ይላል። ስለዚህ «የከበደህን ቦታ በጣትህ አሳየኝ» በሉት። ጣቱ የክርኑ ውስጠኛ አጥንት ወይም የትከሻው ጫፍ ላይ ካረፈ የዕለቱ ውርወራ እዚያው ያበቃል፣ ሐኪምም ይየው። ሳይጠየቅም ይታወቃል፦ ኳሶቹ ከፍ ከፍ ማለት ይጀምራሉ፣ ክርኑ ከትከሻው በታች ይወርዳል፣ በየመሐሉ እጁን ያራግፋል።

ልጆችን ከሜዳ የሚያስቀረው ሌላው ነገር ኳሱን መፍራት ነው። «አትፍራ» ማለት ምንም አይፈይድም። መቺውን ልጅ በቴኒስ ኳስ አለማምዱት፦ ኳሱ ወደ ሰውነቱ ሲመጣ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ተቀባዩ ይዙር፣ ጀርባውን ለኳሱ ይስጥ። ወደ ወርዋሪው ዞሮ ደረቱን እንዳይከፍት አደራ። ደረቱን ኳስ መትቶት የወደቀና የማይነቃ ልጅ ልቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ምቱ ከባድ ባይሆንም ይደርሳል፣ የደረት መከላከያም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ወዲያውኑ እርዳታ አስጠሩ፣ ደረቱን መጫን ጀምሩ፣ የልብ ማስነሻ መሣሪያው እስኪመጣም አታቋርጡ። መሣሪያው የት እንዳለ ግን ጨዋታው ሳይጀመር እወቁ።

የመምቻ ዱላ የሚይዝ ልጅ ተራው የደረሰው ብቻ ይሁን፣ ሄልሜትም ያድርግ።

በልምምድ ላይ 12 ልጅ ተሰልፎ አንዱ ሲመታ ማየት ያሳዝናል። አራት አራት አድርጋችሁ በሦስት ቦታ ክፈሏቸው፦ አንዱ ቡድን ይምታ፣ አንዱ መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ይያዝ፣ አንዱ ቤዝ ለቤዝ (ሯጩ የሚረግጣቸው የሜዳው ማዕዘኖች) ይሩጥ። በየ10 ደቂቃው ቦታ ይቀያየሩ። የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ለእነሱ ተዉላቸው፤ ቡድኑን ራሳቸው ይከፋፈሉ፣ እናንተ ደብተራችሁን ይዛችሁ ዳር ቁሙ።