«በጸጋ ሥር ነን» ለምትሉኝ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤቴ የሚመጡ ወጣት መሐንዲሶች የሚጠይቁኝ ስለ አርማታና ስለ ፌሮ ብቻ አይደለም። ክርስቲያኖቹ ሌላ ጥያቄም አላቸው። «ጋሼ፣ እኛኮ በጸጋ ሥር ነን። የእግዚአብሔር ሕግ አሁንም ያስገድደናል እንዴ?» ይሉኛል። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሌላ ሰው ሥራ እየለካሁ፣ ልክ ሲሆን እየፈረምኩ፣ ሳይሆን እያስፈረስኩ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁ። የማስበውን ልንገራችሁ።

አጭሩ መልሴ «አዎ፣ ያስገድዳችኋል» ነው። ለመዳን ግን አይደለም።

አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። «ሕግ ተሽሯል» ከሚሉኝ ልጆች መካከል «እንግዲያው መግደል ይፈቀዳል» ያለኝ የለም። ጥያቄው የሚነሳው ሕጉ ኪስ ሲነካ ነው። ወይም ፍቅር ሲይዝ። (ሁለተኛውን ለወላጆቻችሁ ትቼዋለሁ።)

ኦሪት ዘጸአትን ስታነቡ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ምዕራፍ 12 ላይ በጉ ታረደ። ምዕራፍ 14 ላይ ባሕሩ ተከፈለ። ዐሥርቱ ትእዛዛት የመጡት ምዕራፍ 20 ላይ ነው። እግዚአብሔር ጡብ ሲያቦኩ ለነበሩት ባሪያዎች «መጀመሪያ እነዚህን ዐሥሩን ፈጽሙ፤ ከዚያ አወጣችኋለሁ» አላላቸውም። ካወጣቸው በኋላ ነው ሕጉን የሰጣቸው። የትእዛዛቱ መግቢያ ራሱ «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ» ይላል። ሕግ ጠብቄ ልዳን የሚል ሰው ታሪኩን ከኋላ ወደ ፊት ያነባል። ድኛለሁና ሕግ አያገባኝም የሚለው ደግሞ ምዕራፍ 14 ላይ መጽሐፉን አጥፎ ተኝቷል።

«ከጸጋ በታች እንጂ ከሕግ በታች አይደላችሁም» የሚለውን የሮሜ 6፥14 ጥቅስ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ቀጣዩን ቁጥር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ጳውሎስ ሰው ይህን ጥቅስ ለምን እንደሚጠቀምበት ገብቶታል መሰለኝ፣ ወዲያው «እንግዲህ ኃጢአትን እንሥራን? አይደለም» ይላል።

ግንበኛ ሁሉ ቱምቢ ያውቃል፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለኩበት በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። ቱምቢ የተዛባ ግድግዳ አያቃናም፤ መዛባቱን ነው የሚያሳየው። ሕግም አያድንም ስንል ይህን ማለታችን ነው። ቱምቢውን በመስኮት ስለወረወርነው ግን ግድግዳው ቀጥ አይልም።

እሺ፣ የትኛው ሕግ? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። የአይሁድ ሊቃውንት በኦሪት ውስጥ 613 ትእዛዛት ይቆጥራሉ። የነገረ መለኮት ሰዎች እነዚህን የሥርዓተ አምልኮ፣ የመንግሥት አስተዳደርና የሥነ ምግባር ብለው በሦስት ይከፍሏቸዋል። ክፍፍሉ ይጠቅማል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ችግሩ መጽሐፉ ራሱ በዚያ መልክ ለያይቶ አላስቀመጣቸውም። ዘሌዋውያን 19፥18 «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ከታላላቆቹ ትእዛዛት አንዱ ነው። ቁጥር 19 ላይ ደግሞ ከሁለት ዓይነት ነገር የተሠራ ልብስ አትልበስ ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። የመጀመሪያውን እሑድ እሑድ እንሰብካለን፤ ስንሰብክ የለበስነው ሸሚዝ ጥጥና ፖሊስተር ነው።

እኔን የረዳኝ ሐዋርያት በሕጉ ምን እንዳደረጉበት ማየት ነው። መሥዋዕቱ በክርስቶስ እንደተፈጸመ የዕብራውያን መልእክት በሰፊው ያስረዳል። የሐዋርያት ሥራ 15 ላይ በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ለመጡት አማኞች መገረዝን አንጭንባቸውም አሉ። ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት ራቁ አሏቸው። ጳውሎስ ሮሜ 13 ላይ አታመንዝር፣ አትግደል፣ አትስረቅ፣ አትመኝ የሚሉትን አንድ በአንድ ጠርቶ ሁሉም በፍቅር ይጠቀለላሉ አለ። ጠቀለላቸው እንጂ አልጣላቸውም። በሬ ሲያበራይ አፉን አትሰር የሚለውን የገበሬ ሕግ ሳይቀር 1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ አንስቶ የሠራ ሰው ከሥራው ይብላ የሚል ፍሬ አወጣበት። ያው ጳውሎስ መገረዝም አለመገረዝም ከንቱ ነው፤ ዋናው የእግዚአብሔርን ትእዛዛት መጠበቅ ነው ይላል። መገረዝኮ ራሱ ትእዛዝ ነበር! ይህን አረፍተ ነገር ደጋግማችሁ አስቡበት። ጳውሎስ በአእምሮው ልዩነት አስቀምጧል ማለት ነው።

በዚህ ዓይን ሳነብ ከሁሉም በላይ የምወደው ሕግ የኔው ሙያ ሕግ ነው። ዘዳግም 22፥8። አዲስ ቤት ስትሠራ በጣራው ዙሪያ መከታ አድርግ፤ ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን ይላል። በዚያ አገር ጣራው ጠፍጣፋ ነው። ሰው ይቀመጥበታል፣ ይተኛበታል። እኛ ያንን መከታ ፓራፔት እንለዋለን። ይህ ሕግ ለእስራኤል የተሰጠ የአስተዳደር ሕግ ነው። የቆርቆሮ ክዳን ያለው ሰው በቃሉ ልፈጽመው ቢልም አይችልም። ታዲያ ሞቷል? ገና ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ገብታችሁ ሦስተኛ ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ አርማታ) ላይ ቁሙ። ደረጃው ሃንድሬል የለውም። የሊፍቱ ጉድጓድ ክፍት ነው፤ ቢበዛ አንድ አጣና ተጋድሞበታል። ሲሚንቶ የተሸከመች ልጅ ከጎኑ ታልፋለች። ሕጉ የሚለው ለእኔ ግልጽ ነው። እግዚአብሔር የገደልከውን ብቻ አይደለም የሚጠይቅህ፤ ሳትከልልለት የወደቀውንም ይጠይቅሃል። «አትግደል» ወደ ሳይት ወርዶ ሲነበብ እንዲህ ነው።

አንድ ልጅ ልጥቀስላችሁ። መዘምር ነው፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኖ ተቀጥሯል። አርማታ ሊሞላ ሲል የኮለኑን (የምሰሶውን) ስታፋ ርቀት በሜትር ለካ። ፕላኑ 15 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ የታሰረው 25 ነው። ስታፋ ማለት የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዝ ቀለበት ነው። ሲራራቅ ኮለኑ ከውጭ ምንም አይመስልም። ቀለም ተቀብቶ ያምራል። ጉዱ የሚታየው መሬት የተንቀጠቀጠ ቀን ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ከፎቅ እየሮጣችሁ የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ። ተቋራጩ አማኝ ነበር። ልጁን ትከሻውን አቅፎ «ወንድሜ፣ ይቺን በጸጋ እንለፋት» አለው።

በጸጋ እንለፋት! ልጁ ሲነግረኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ሰው በጸጋ የሚያልፈው ለራሱ የሚከፈለውን ዕዳ ነው። ተቋራጩ ልጁን ሰድቦት ከሆነ ልጁ በጸጋ ይለፈው። ያ ስታፋ ግን ሕንፃው ሲያልቅ እዚያ ለሚኖሩት ሰዎች የሚከፈል ዕዳ ነው። ማንነታቸውን ገና ማንም አያውቅም። የእነሱን ዕዳ እኛ በምን ሥልጣን ነው የምንሰርዘው? የክፍያ ሰርተፍኬቱ ላይ «በፕላኑ መሠረት ተሠርቷል» ብሎ መፈረም ደግሞ በሐሰት መመስከር ነው። አትስረቅም እዚያው አለ። በዘሌዋውያን 19፥35 «በመለኪያ አታጭበርብሩ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ያ ሜትር በእጁ እያለ ልጁ ሕግ አይመለከተኝም ሊል አይችልም።

የቀን ሠራተኛ ደሞዝም ተመሳሳይ ነው። ኦሪት ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈለው ትላለች፤ ድሀ ነውና ነፍሱን በደሞዙ ላይ ጥሏል። ብሉይ ነው ካላችሁ ያዕቆብ 5፥4ን አንብቡ፤ የተያዘው የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል ይላል። አስራቱን በወሩ መጀመሪያ የሚያስገባ፣ የሠራተኛውን የአሥራ አምስት ቀን ግን «ክፍያ አልተለቀቀልኝም» እያለ ሁለት ወር የሚያስተኛ አማኝ አሠሪ አጋጥሞኛል። ክፍያ በእርግጥ ይዘገያል፤ አውቃለሁ። መኪናው ግን ነዳጅ አላጣም ነበር። ጌታ ፈሪሳውያንን ከአዝሙድና ከከሙን አሥራት እያወጣችሁ ፍርድንና ምሕረትን ተዋችሁ ያላቸው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ስለ ቅዳሜ የምትጠይቁኝም አላችሁ። ይህ ጥያቄ በአገራችን ዕድሜው ረጅም ነው። የመነኩሴው የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜንም እሑድንም እናክብር በማለታቸው ብዙ ተሳደዱ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሁለቱም እንዲከበሩ ወሰነ። ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) የተባሉ የካቶሊክ መልእክተኞች የአይሁድን ሥርዓት ትጠብቃላችሁ ብለው በከሰሱ ጊዜ ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ መልስ ሰጠ። ቅዳሜን የምናከብረው ውሃ እንደማይቀዱት፣ እሳት እንደማያነዱት አይሁድ አይደለም፤ ቁርባን እናቀርብበታለን አለ። ግርዘት እንደ ፊት መብጣት ያለ የአገር ልማድ ነው፤ የአሳማ ሥጋ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም አናስገድድም አለ። በኔ አስተያየት ንጉሡ ጉዳዩን ከብዙዎቻችን በተሻለ አስቦበታል። ልማድ ልማድ መሆኑን ካወቀ አይጎዳም። እኔ ራሴ ቅዳሜ ሠርቻለሁ። ቅዳሜን የሚያከብር ሠራተኛ ግን በሕሊናው ምክንያት ከደሞዙ ሲቆረጥበት ዝም አላልኩም።

ከፕሮቴስታንቱ ወገንም የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር አለ። በእምነት ብቻ መጽደቅን እንደ እሱ የጮኸበት ሰው አልነበረም። ወዳጁ ዮሐንስ አግሪኮላ ሕግ ለአማኞች መሰበክ የለበትም ሲል ግን የተነሳበት ያው ሉተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1539 በጽሑፍ ተቃወመው።

«ጋሼ፣ ሁሉንም መጠበቅ ካልቻልኩስ?» አለችኝ አንዷ። አትችይም፤ እኔም አልቻልኩም። ስንወድቅ ጠበቃ አለን፤ 1ኛ ዮሐንስ 2 ላይ ተጽፏል። ይቅርታ ያገኘ ሰው ግን የሰው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አይቀርም። ቀራጩን ዘኬዎስን ተመልከቱ። ኢየሱስ ሳይነቅፈው፣ ቅድመ ሁኔታ ሳያስቀምጥ ቤቱ ገባ። ዘኬዎስ ደግሞ ተነስቶ የበላሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ማንም ቁጥር አልነገረውም። ዘጸአት 22 በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ አራት ይመልስ ይላል፤ ሰውዬው ከሕጉ መለኪያ አላነሰም። ኢየሱስም «ኧረ ተወው፣ እሱ ሕግ ቀርቷል» አላለውም። «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ነው ያለው።