ከአሮጌ በርና ጠረጴዛ ጊታር እየሰራሁ መኖር እችላለሁ ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። የእንጨት ሥራ ተምረሽ ፈርኒቸር ቤት ተቀጥረሻል፣ ልብሽ ግን አኩስቲክ ጊታር መስራት ላይ ነው፣ እጅሽ ላይ ያለው እንጨት የፈረሰ ቤት በርና አሮጌ ጠረጴዛ ነው፣ ሰው ደግሞ ስፕሩስና ሮዝውድ የሚባሉት ከሩቅ የመጡ የጊታር እንጨቶች ካልሆኑ ማን ይገዛሻል ይልሻል። ገንዘብ ላጠራቅም ወይስ ባለኝ ልጀምር፣ ሥራዬንስ ልልቀቅ ወይ ነው ያልሽው።

ባለሽ ጀምሪ። የሚያስቸግርሽ እንጨቱ አይደለም፣ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ሮዝውድ ካልሆነ የሚሉሽን ሰዎች እንዲህ በያቸው። የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርፅ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በፈረንጆቹ 1862 ጎንና ጀርባው ከካርቶን የሆነ ጊታር ሰርቷል፣ ድምፁን የሚወስነው የፊቱ ገበታ ነው ለማለት። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ አለ፣ በጀርባና በጎን እንጨት ብቻ የሚለያዩ 6 ጊታሮች ለ52 ጊታሪስቶች እንጨቱን እንዳያዩ ተደርጎ ተሰጧቸው፣ ውዱን ከርካሹ መለየት አቃታቸው። የአሜሪካው ቴይለር ጊታር ፋብሪካ መስራች ቦብ ቴይለርም በ1995 ከተጣለ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ጊታር ሰርቷል፣ ፊቱን ሳይቀር፣ የምስማሩን ቀዳዳ እንኳን አልደበቀውም።

ግን ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ከበሩ ላይ ቁመቱ 50 ሳንቲ፣ ወርዱ 5 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ ቁራጭ አውጪ፣ መዝኚው፣ ከዛ ሁለቱን ጫፍ አስደግፈሽ መሀሉ ላይ ግማሽ ኪሎ ጫኚበትና ስንት ሚሊ እንደሰመጠ ለኪ። ካለሽ እንጨት ሁሉ እንደዚህ አንድ አንድ ቁራጭ አውጥተሽ አወዳድሪ፣ ቀላል ሆኖ ብዙ የማይሰምጠው ለፊት ይሆናል፣ ከባዱና የሚያምረው ለጀርባ ይሂድ። የተቆረጠውን ጫፍ ስታዪው መስመሮቹ ለሳንቃው ፊት ቀጥ ብለው የቆሙ ይሁኑ፣ የተኙ ከሆኑ እርጥበት ሲቀያየር ይጣመምብሻል። ሰፊ ሳንቃ ካጣሽ ጠባቦቹን አጣብቀሽ ማስፋት ይቻላል። ስትልጊ ደግሞ ቀስ በይ፣ ውፍረቱን በ10 ከመቶ ስትቀንሺ ከ3 ሚሊ ወደ 2.7 ማለት ነው፣ ግትርነቱ በ27 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ የብረት ክር ደግሞ በጠቅላላው ወደ 70 ኪሎ አካባቢ ነው የሚስበው፣ አንዴ ካሳሳሽው መመለሻ የለውም። የአሮጌ እንጨት ጥቅሙ መድረቁ ነው ግን ሁሌም አይደለም፣ ውጭ ዝናብ ሲመታው የኖረ በር ከሆነ ሰንጥቀሽ ቤት ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም እየመዘንሽ አቆዪው። ምስማር በማግኔት ፈልጊ፣ የድሮ ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጊው፣ ማስክም አድርጊ። ቺፑድ ከሆነ እርሺው።

አሁን ወደ ዋናው። አዲስ ሰሪ የሚቸገረው ስሙን የሚያውቀው ገዢ ስለሌለ ነው፣ አንድ ጊታር ደግሞ ብዙ ሰዓት ይበላል፣ በሰዓት ስታስቢው መጀመሪያ ላይ ከደሞዝሽ በታች ነው የምታገኚው፣ ይሄን ማንም አይነግርሽም። ስለዚህ በጥገና ግቢ። ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉትን የብረት መስመሮች) መሞረድ፣ የተነቀለ ብሪጅ (ፊቱ ላይ ክሩን የሚይዘውን እንጨት) ማጣበቅ፣ ከፍ ያለ ክር ማውረድ፣ ይሄ ቶሎ የሚከፈል ሥራ ነው፣ ደንበኛሽ ደግሞ ነገ ጊታር የሚገዛሽ ሰው ነው፣ በዛ ላይ የሌላ ሰው ጊታር የት የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ታያለሽ፣ ይሄ በእኔ እይታ ከየትኛውም ኮርስ ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹን ጊታሮች አትሽጪያቸው፣ በደንብ ለሚጫወቱ ሰዎች አውሺና ክር እንደተወጠረባቸው አንድ ዓመት ይቆዩ፣ ፊቱ አበጠ ወይ፣ አንገቱ ወደፊት መጣ ወይ፣ ደብተር ላይ ጻፊው። ጊታር ወርክሾፕ ልትቀጠሪ ስትሄጂም ከሰርተፍኬት ይልቅ ይሄ ደብተር ነው የሚያስቀጥርሽ፣ ክብደቱ ውፍረቱ ፎቶው ሁሉ ያለበት።

ስትሸጪ የእንጨቱን ትክክለኛ ስም ጻፊ፣ ሮዝውድ መሳይ ምናምን እያልሽ አትቀቢው፣ የድሮ በር ነው ማለት ራሱ ገዢ ያመጣል። ወደ ሌላ አገር ልትልኪ ካሰብሽ ግን የዛፉን ዝርያ እርግጠኛ ሁኚ፣ አሮጌ ጠረጴዛ እኮ ሮዝውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሮዝውድ ዝርያዎች በሙሉ ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ቁጥጥር ስር ናቸው፣ ከ2019 በኋላ ያለቀለት የሙዚቃ መሳሪያ ነፃ ተደርጓል፣ የብራዚሉ ግን ከ1992 ጀምሮ ጥብቅ ነው፣ ያለ ወረቀት ድንበር አያልፍም።

ሥራ ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ አሁን አትልቀቂ። ፈርኒቸር ቤቱ ማሽንም ቁርጥራጭም አለው፣ አለቃሽን አስፈቅደሽ ከሥራ ሰዓት ውጪ ተጠቀሚበት። የጥገናው ገቢ የደሞዝሽን ግማሽ ሲደርስ መልሰሽ ጻፊልኝ ያኔ ስለመልቀቅ እናወራለን፣ የመጀመሪያውን ጊታር የፊት ገበታ ክብደትና ውፍረትም ጨምረሽ ላኪልኝ።