ብረቱ ብርሃን ሲያሳልፍ አትቸኩሉ፦ ሃይድሮጅን የሚያከማቹ ቁሶችን ለምትፈትሹ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሃይድሮጅንን በውስጣቸው አስረው የሚይዙ ቁሶችን በመፈተሽ ነው። ዛሬ በአንድ ጀንበር ሺህ ዓይነት ቅይጥ መፈተሽ የሚያስችል መሣሪያ ይዛችሁ ሥራ የምትጀምሩትን ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ ያን ያህል ደግሞ እሰጋላችኋለሁ፤ ምክንያቱም መሣሪያው የሚጠቁማችሁ የት መቆፈር እንዳለባችሁ ብቻ ነው።

ሃይድሮጅንን የማከማቸትን ችግር ሥር ታውቁታላችሁ። 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ከ1 ኪሎ ቤንዚን 3 እጥፍ ገደማ ኃይል ቢኖረውም፣ በተራ ግፊትና ሙቀት ወደ 12 ሜትር ኪዩብ የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። ማግኒዥየም ሃይድራይድ፣ ማለትም ማግኒዥየም ከሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ የሚሰጠው ቁስ፣ ከክብደቱ 7.6 በመቶ ሃይድሮጅን ነው፤ ነገር ግን በ1 ባር ግፊት ጋዙን ለመልቀቅ ወደ 280 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። የላንታነምና የኒኬል ቅይጥ በአንጻሩ በክፍል ሙቀት ያስገባል፣ ያስወጣልም፤ የሚይዘው ግን 1.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በእነዚህ መካከል ሊኖር የሚችለውን ቅይጥ አንድ በአንድ እየሠሩ፣ በብረት ዕቃ እየዘጉና የግፊቱን ለውጥ እየለኩ መፈለግ ዕድሜ አይበቃውም።

መንገዱን ያሳጠረው ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአምስተርዳም ፍራይ ዩኒቨርሲቲ እነ ሮናልድ ግሪሰን፣ እንደ መስተዋት ያንጸባርቅ የነበረ ስስ የኢትሪየም ወይም የላንታነም ብረት ንብርብር ሃይድሮጅን ሲገባበት ብርሃን አሳላፊ እንደሚሆን አሳዩ። ሃይድሮጅኖግራፊ የተባለው ዘዴ ከዚያ ተወለደ። ስፋቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ክብ መስተዋት ላይ ማግኒዥየም፣ ቲታኒየምና ኒኬል ከየአቅጣጫው ይረጫሉ፤ በዚህም የተነሳ መጠናቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በላዩ ጥቂት ናኖ ሜትር ፓላዲየም ይደረባል፤ እርሱ የሃይድሮጅንን ሞለኪውል ይከፍላል፣ ብረቱንም ከኦክስጅን ይጠብቃል። ከዚያም የጋዙ ግፊት ቀስ በቀስ እየጨመረ ካሜራው የሚያልፈውን ብርሃን ይመዘግባል። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷን የቻለች ሙከራ ናት፤ ብርሃኑ በድንገት የሚጨምርበትን ግፊት በተለያየ ሙቀት ስትለኩ ደግሞ ሃይድሮጅኑ ምን ያህል ጠብቆ እንደታሰረ ታሰላላችሁ። ለማግኒዥየም ሃይድራይድ ይህ የማሰሪያ ኃይል በአንድ ሞል ሃይድሮጅን 75 ኪሎ ጁል ገደማ ነው፤ የምንፈልገው ግን ወደ 40 የሚጠጋውን ነው።

በወጣትነቴ አንድ ንጋት ላይ፣ ሌሊቱን ሲሠራ ባደረ ሙከራ ከመስተዋቱ አንድ ጥግ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ፣ በጣም ዝቅ ባለ ግፊት ሲፈካ አየሁ። ለኃላፊዬ ደወልኩ፤ ያንኑ ቅይጥ በብዛት ለመሥራት ሳምንታት ፈጀን፤ የተሠራው ግን ከተራ ማግኒዥየም የተለየ ነገር አላሳየም። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን መስተዋት ማይክሮስኮፕ ሥር ሳደርገው፣ ጥጉ በበጋ እንደሚሰነጠቅ የዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል። ማግኒዥየም ሃይድሮጅን ሲገባበት መጠኑ 30 በመቶ ገደማ ያብጣልና ከመስተዋቱ ተላቆ ነበር፤ ያን ንጋት ካሜራው ያየው በስንጥቁ የሾለከውን ብርሃን ነው። ማይክሮስኮፑ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ቀን ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ እርሱ መሄድ ነበረብኝ።

ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሊቲየም የተጨመረበት ካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) ከክብደቱ 20 በመቶ ሃይድሮጅን ይይዛል የሚል ጽሑፍ ታትሞ የብዙዎችን ተስፋ አነቃቅቶ ነበር። በዓመቱ ሙከራው ጋዙ በሚገባ ደርቆ ሲደገም ቁጥሩ ወደ 2.5 በመቶ ወረደ፤ አብዛኛውን ክብደት የጨመረው በጋዙ ውስጥ የነበረው እርጥበት ነበር። ስለዚህ ቦሮን ያለበትን ቁስ በኢንፍራሬድ ወይም በራማን፣ ማለትም የአተሞችን ትስስር በብርሃን በሚለዩ ዘዴዎች፣ ስትፈትሹ፣ የምትፈልጉትን የቦሮንና የሃይድሮጅን ትስስር በ2300 (በአንድ ሴንቲ ሜትር የሞገድ ቁጥር) አካባቢ ብቻ አትዩ፤ የውሃው ምልክት በሚወጣበት በ3400 አካባቢም ተመልከቱ። እዚያ ሰፊ ጉብታ ካለ፣ ናሙናው እጃችሁ ላይ ሳለ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እርጥበት ከማይገባበት ክፍል ሌላ ናሙና አውጡ።

እንግዲህ አስደናቂ ውጤት አግኝታችሁ ስትጽፉልኝ፣ ከሥዕሉ ጋር ሦስት ነገር ላኩልኝ፦ ፓላዲየም ብቻ የተቀባ ባዶ መስተዋት በዚያው ግፊት ያሳየውን ለውጥ፣ ፓላዲየም ራሱ ሃይድሮጅን ይመጥጣልና፤ የዚያችን ነጥብ የማይክሮስኮፕ ፎቶ፤ እንዲሁም ሃይድሮጅኑ ወጥቶ ተመልሶ ሲገባ ቢያንስ በአሥር ዙር የተለካውን። ሦስቱ ከደረሱኝ በዚያው ቀን ተቀምጬ አነባቸዋለሁ።