የፈርዖን ሣጥን ለምን ሦስት ሆነ?

ጥያቄ፦ በጀልባ ዳጋ እስጢፋኖስ ተሻግሬ የእነዐፄ ዘርዓ ያዕቆብንና የእነዐፄ ፋሲልን አፅም በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ አይቻለሁ። የግብፁ ፈርዖን ቱታንካሙን ግን በሦስት ሣጥን ተደራርቦ ተቀበረ ይባላል። አንዱ ለምን አልበቃውም? በሃይማኖታቸውስ ምን ትርጉም ነበረው?
ዲያቆን ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ዳጋ ላይ ሣጥኑ አፅሙን ከአቧራና ከእጅ ይጠብቃል፤ ትንሣኤው የሚጠበቀው ከእግዚአብሔር ነው። ለጥንት ግብፃውያን ግን ንጉሡን ዳግም የሚወልደው ሣጥኑ ነበር። ክዳኑን የሚያዩት እንደ ሰማይ አምላካቸው እንደ ኑት ነው። ኑት ፀሐይን ማታ ትውጣለች፣ ጧት ትወልዳለች፤ ከሥሯ የተኛ ንጉሥም ማኅፀኗ ገብቷልና ከፀሐይ ጋር አብሮ ይወጣል ብለው ያምኑ ነበር።

መደራረቡ ጥበቃውን ለማብዛት ነው። ከውጭ ሲጀመር፣ በወርቅ የተለበጡ አራት የእንጨት ቤቶች አንዱ በአንዱ ውስጥ ቆመዋል። ቀጥሎ የድንጋይ ሣጥን አለ፤ በአራት ማዕዘኑ አይሲስ፣ ኔፍቲስ፣ ኔይትና ሰልኬት የተባሉ ሴት አማልክት ክንፋቸውን ዘርግተው አቅፈውታል። ሦስቱ ሰው መሰል ሣጥኖች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። የውጪው 2.24 ሜትር ይረዝማል፤ እንጨቱ የእኛ የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ነው። ሁለተኛውም በወርቅ የተለበጠ እንጨት ነው። ሦስተኛው ግን ጥፍጥፍ ወርቅ፣ 110 ኪሎ ግራም፣ ከኩንታል የሚበልጥ። ወርቁ ሀብት ለማሳየት ብቻ እንዳይመስልዎ፤ የአማልክት ሥጋ ወርቅ ነው ብለው ስለሚያምኑ ሣጥኑ የንጉሡ አዲስ ሥጋ ነበር። ደረቱ ላይ ያጣመራቸው የእረኛ ቆልማማ በትርና ጅራፍም የሙታን ንጉሥ የኦሳይረስ ምልክቶች ናቸው፤ ፈርዖን ሲሞት ኦሳይረስን ይሆናልና።

መቼም ይህን ሁሉ የሠራው የሰው እጅ ነው። የውጪው ሣጥን የእግር ጣቶች ከፍ ብለው የድንጋዩን ክዳን አላስገጥም ስላሉ አናጺዎቹ እዚያው ጠርበዋቸዋል፤ ፍቅፋቂው ከ3,200 ዓመት በላይ ቆይቶ ከሥር ተገኝቷል። የድንጋዩ ክዳንም ቢሆን ከሣጥኑ የተለየ ቀይ ግራናይት ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ በጄሶ ተደፍኗል፣ ቢጫውን ሣጥን እንዲመስልም ቀለም ተቀብቷል። እኛን ከወርቁ ይልቅ ልባችንን የሚነካን ግን በውጪው ሣጥን ግንባር ላይ የንግሥና ምልክት የሆኑትን ጥንብ አንሳና ኮብራ የከበበችው ትንሽ የአበባ ጉንጉን ናት። ሲከፈት ቀለሟ ጨርሶ አልጠፋም ነበር።

ጥያቄ፦ ግብፃውያን አስከሬን ማድረቅ ያውቁበታል ከተባለ የቱታንካሙን ገላ ለምን እንደ ከሰል ጠቆረ?

መልስ፦ ጥፋቱ የመጣው ከቅባቱ ነው። የማድረቁ ሥራ በጠቅላላው 70 ቀን ይወስዳል። አንጎል በአፍንጫ ይወጣል፤ ጉበት፣ ሳንባ፣ ጨጓራና አንጀት ወጥተው ለየብቻ ይቀመጣሉ። ልብ ግን የሐሳብና የኅሊና መኖሪያ ስለሆነ፣ በፍርድም ስለሚመዘን ከቦታው አይነሳም። ከዚያ ገላው ናትሮን በተባለ ጨው 40 ቀን ያህል ተቀብሮ ይደርቅና በተልባ እግር ጨርቅ ይጠቀለላል። እስከዚህ ደኅና ነበር። ንጉሡን ለመቀደስ ብለው ግን ሙጫ የተቀላቀለበት ዘይት በገላውም በወርቁ ሣጥንም ላይ አፈሰሱ፤ ለሣጥኑ ብቻ ሁለት ባልዲ ያህል። ዘይቱ ከጊዜ ብዛት ጨርቁንም ሥጋውንም እያቃጠለ ሄደ፤ የወርቁን ሣጥን ደግሞ ከሁለተኛው ጋር አጣበቀው። እ.ኤ.አ. በ1922 መቃብሩን ያገኘው ሃዋርድ ካርተር ሣጥኖቹን ለማላቀቅ የወርቁን ሣጥን ውስጡን በዚንክ ሸፍኖ፣ በአፋቸው ደፍቶ፣ ከሥር በላምባ እሳት እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቅ ግድ ሆኖበታል።

ጥያቄ፦ የጣና ታንኳ በግብፅ መቃብሮች ከተሳለው ጀልባ ጋር ይመሳሰላል። ለሟች ጀልባ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ የሚመሳሰሉት ሁለቱም የደንገል እስር ስለሆኑ ነው። ፈርዖን ጀልባ የሚያስፈልገው ከፀሐይ ጋር ሰማይን ለመሻገር ነበር። በቱታንካሙን መቃብር 35 ትናንሽ የጀልባ ሞዴሎች ተገኝተዋል፤ ከፈርዖን ኩፉ ፒራሚድ አጠገብ ደግሞ 43 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በሊባኖስ ዝግባ የተሠራ እውነተኛ ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1954 ተገኝቷል።