የአንባብያን ጥያቄዎች፦ ከመድኃኒቱ በኋላ ያለው ቀን

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን አዋቂዎች የዕለት ተዕለት ኑሮ ይመለከታሉ። ይህን ጉዳይ ዋና ሥራው ያደረገው የሕክምና ዘርፍ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። ባለሙያው ሕመምተኛው መታጠብን፣ ማብሰልን፣ ገበያ መውጣትን፣ ከሰው ጋር መቀመጥንና ሠርቶ ማደርን መልሶ እንዲለምድ ያግዘዋል፤ እነዚሁኑ ተግባራትም ለማከሚያነት ይጠቀምባቸዋል። መልሱን የሰጡን በዚሁ ሙያ የተሰማሩ አማካሪያችን ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁመውንም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ እንዳለበት ከታወቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ ይሰማው የነበረው ድምፅ ጠፍቶለታል፤ ከማንም ጋር አይጣላም። ነገር ግን እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፣ ካልተጎተጎተ ገላውን አይታጠብም፣ ምግቡንም እናታችን አልጋው ድረስ ትወስድለታለች። ከመታመሙ በፊት ስሙ የተጠራ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናው አሁንም ጥግ ላይ ተሸፍኖ ቆሟል። አባቴ «ሰንፎ ነው» ይላል፤ እናቴ «ልጄን አታስጨንቁብኝ» ትላለች። ማንን እንስማ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የአባትዎን አነጋገር ከብዙ ቤተሰብ እሰማዋለሁ፤ ይሁን እንጂ በወንድምዎ ላይ የሚታየው ነገር ስንፍና አይደለም። ስኪዞፍሬንያ ሌላው ሰው ከማይሰማው ድምፅና ከጥርጣሬ በተጨማሪ ብዙም የማይወራለት ሌላ ገጽ አለው፤ ተነሳሽነት ይጠፋል፣ ፊት ስሜት አያሳይም፣ ንግግር ያጥራል፣ አንድን ሥራ ከየት ጀምሮ በየት በኩል ማስኬድ እንደሚገባ ማቀድ ይከብዳል። አሁን ያሉት መድኃኒቶች ድምፁንና ጥርጣሬውን በመቆጣጠር በኩል ጥሩ ሲሆኑ፣ ለዚህኛው ገጽ የሚሰጡት እርዳታ አነስተኛ ነው። ወንድምዎ መርፌውን ሳያቋርጥ እየተወጋ ቀኑ ባዶ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

እናትዎን መውቀስ ደግሞ ይከብደኛል፤ ሆኖም ምግቡ አልጋው ድረስ በመጣለት ቁጥር ከአልጋው የሚነሣበት አንድ ምክንያት እንደሚቀንስ ሳልነግርዎት ባልፍ ሙያዬን እንደማጓደል ይሆንብኛል። በሥራዬ ካየሁት ሁሉ፣ ሕመምተኛን ከአቅሙ በታች የሚያስቀረው ጭካኔ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለው ርኅራኄም ጭምር ነው።

መጀመሪያ ግን ሐኪሙን ያነጋግሩ። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ እንቅልፍ ያበዛሉ፣ እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ሰውነትን ያከብዳሉ፤ መጠኑን ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ይቻል ይሆናል፤ ይህን የሚወስነው ግን ሐኪሙ እንጂ ቤተሰቡ አይደለም። ወደ ጸበል የሚሄድ ከሆነም ይሂድ፤ የመርፌው ቀን እንዳያልፈው ብቻ አስቀድማችሁ አስሉ።

ከዚያ በኋላ የእኛ ሥራ ይጀምራል። ባለሙያው «ለምን አትታጠብም?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ሲታጠብ በቅርብ ሆኖ መከታተልን ይመርጣል። ውሃው እስኪሞቅ ጠብቆ ረሳው? ሳሙናውን ፈልጎ ሲያጣ ተመልሶ ተኛ? ወይስ ራሱን ታጥቦ «ቀጥሎ ምን ነበር?» በሚል ግራ መጋባት ቆመ? እንደ መልሱ መፍትሔውም ይለያያል። የሚረሳ ከሆነ የመታጠቢያው ቀንና ሰዓት የማይለወጥ ይሁን፤ የሚፈልገውን ዕቃ የሚያጣ ከሆነ ሳሙናው፣ ፎጣውና ቅያሪ ልብሱ በአንድ ሳፋ ውስጥ በየተራቸው ተደርድረው ይጠብቁት፤ መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው በር ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይንገረው። «ቶሎ ታጥበህ፣ ልብስህን ቀይረህ፣ አልጋህን አንጥፈህ ና» የሚለው ትእዛዝ ለእርስዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእርሱ ግን ሦስት ሥራ ነው።

የስፌት መኪናው ጥግ ላይ መኖሩ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ገልጣችሁ «በል ሱሪ ስፋ» እንዳትሉት። ጎበዝ የነበረ ሰው የቀድሞ ሥራውን ሞክሮ እጁ እንቢ ሲለው የሚደርስበት ሐዘን ከቶ ካለመሞከር ይብሳል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ራሱ ፈተና ስለሚሆንበት፣ ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ ወይም የክር ማስገቢያ ሽቦ ግዙለት። ከዚያም የገዛ ሸሚዙን አንድ ቁልፍ ይትከል፤ ከለመደ በኋላ የእናቱን ነጠላ ጠርዝ ይስፋ፤ በመኪናው ቀጥ ያለ ስፌት መስፋት ከዚህ በኋላ ይደርሳል። ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚሻገረው ያለፈውን ያለ ጉትጎታ መሥራት ሲጀምር ነው።

በየቤቱ የሚገኝ ሌላ መሣሪያ የቡናው ሥርዓት ነው። መልቀም፣ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ ስኒ ማሰናዳት፣ መቅዳት፣ ማደል፤ እያንዳንዱ የየራሱ ክብደት አለው፣ ሁሉም በተራ ይመጣል፣ ማብቂያው ላይም ሰው ይሰበሰባል። እኛ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ እናትየው ሌላውን ሁሉ ትሠራና ወንድምዎ የተቀዳውን ስኒ ለጎረቤቶች ብቻ ያድላል። ሥራውን ሲፈጸም ያየዋል፣ ምርቃቱንም እርሱ ይቀበላል። ከሳምንታት በኋላ መቅዳቱ ይጨመርለታል፣ ቀጥሎ ስኒ ማጠቡ፤ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከሰሉ መነካት ያለበት ግን እንቅልፍ እንቅልፍ የማይለው ሲሆን፣ ያውም ሰው አጠገቡ እያለ ነው። «ቡና የሴት ሥራ ነው» የሚል ከሆነ አትከራከሩት፤ ሱቅ ደርሶ ስኳር መግዛትም ዝርዝር መያዝ፣ ገንዘብ መቁጠርና ሰው ማነጋገር አለበት።

አንድ ሳምንት በርትቶ በሚቀጥለው ቢተኛ አትደንግጡ፤ ሥራውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉለት እንጂ አታስቀሩት። አባትዎም «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ቢተውልን ብዙ ያግዙናል።

ጥያቄ፦ ቀድሞ በአንዳንድ ቦታ ሕሙማን ግቢ ሲጠርጉና ልብስ ሲያጥቡ አይቻለሁ። ኦኩፔሽናል ቴራፒ የምትሉት ይህንን ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ አይደለም። ሕመምተኛው ግቢ የሚጠርገው ተቋሙ የጽዳት ሠራተኛ ስለሌለው ከሆነ ያ ጉልበት ብዝበዛ ነው፤ ሕክምና የሚሆነው ሥራው ለእርሱ ግብ ተብሎ ሲመረጥ፣ ሲለካና አቅሙ ሲጨምር ሲቀየር ነው። ሙያው በማኅበር ደረጃ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1917 በኒውዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ኤሊኖር ክላርክ ስሌግል ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ለተኙ የአእምሮ ሕሙማን የመነሻ፣ የመታጠቢያ፣ የሥራ፣ የጨዋታና የዕረፍት ሰዓትን በሥርዓት ማስለመድን ዋና ዘዴያቸው አድርገው ነበር። ጨዋታና ዕረፍት መካተታቸውን ልብ ይበሉ፤ ቀኑን በሥራ ብቻ መሙላት ከመጀመሪያውም የታሰበ አልነበረም።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በከባድ ድባቴ ምክንያት የሕመም ፈቃድ ላይ ነኝ፤ አሁን በመድኃኒትና በምክር ተሽሎኛል። ወደ ቢሮ ስለመመለስ ሳስብ ግን ልቤ ይመታል። አለቃዬ ምን ይለኛል? ሥራው ቢያቅተኝስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በቅድሚያ ጊዜ እንዳለዎት ይወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ሊወስድ ይችላል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ለዚህ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህን የምነግርዎ ፈቃዱን እስከ መጨረሻው ይጠቀሙበት ለማለት አይደለም፤ ሳይዘጋጁ ከመመለስ ከሐኪምዎ ጋር ተማክረው ጥቂት ሳምንታትን ለልምምድ ቢያውሉ ስለሚሻል ነው።

ልምምዱ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት በሥራ ቀን በሚነሡበት ሰዓት ይነሡ፤ የቢሮ ልብስዎን ይልበሱ፤ ቁርስዎን በልተው ከቤት ይውጡ። ቀጥሎ በሥራ መግቢያ ሰዓት ታክሲ ተሰልፈው እስከ ድርጅቱ ሰፈር ይሂዱና ይመለሱ፤ ብዙ ሰው የሚከብደው ሥራው ራሱ ሳይሆን ይህ ሰልፍና ግፊያ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ለአንድ ሰዓት ያህል የሒሳብ ሰነድ ያመሳክሩ፤ ሐሳብዎ መቼ መበተን እንደጀመረ ሰዓቱን ይጻፉ። 40 ደቂቃ ላይ ከሆነ፣ ሥራ ሲገቡ በየ35 ደቂቃው ተነሥተው ውሃ መጠጣትን ልማድ ያደርጉታል። ይህች ማስታወሻ ለአለቃዎ ጥያቄ ለማቅረብም ትጠቅማለች።

ለአለቃዎ የሕመምዎን ታሪክ መዘርዘር አይጠበቅብዎትም፤ የሚያስፈልግዎትን ግን በግልጽ ይናገሩ። «ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግማሽ ቀን ብሠራ፣ የወር መዝጊያ ሒሳብ ለጊዜው ለሌላ ሰው ቢሰጥልኝ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ቢደርሰኝ» ማለት «ድባቴ አለብኝና እዘኑልኝ» ከማለት ይልቅ ሰሚ ያገኛል። ሕመሙ ዘላቂ ሆኖ የሥራ ዕድልዎን የሚነካ ከሆነ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል፤ አሠሪውም ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። አለቆች ሁሉ ይህን ያውቃሉ ብዬ አላምንም፤ ግልባጩን ይዞ መሄድ ነውር የለውም።

መሞትን የመመኘት ሐሳብ ተመልሶ ከመጣ ግን ልምምዱን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይቅረቡ፤ ለቤተሰብዎም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ 24 ዓመቱ ነው። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ቤት ተቀምጧል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ «ሳል ሺኩም» (መልሶ የማቋቋሚያ አገልግሎቶች) ጠይቁ ትለናለች። እኔ ግን ስሙ በመንግሥት መዝገብ እንዳይገባና እንዳይበላሽበት ፈራሁ። (ከኔታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ እናቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህ ዕድል እንዲያልፈው አልመክርም። ሳል ሺኩም እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ የተቋቋመ መብት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ18 በላይ ለሆነና በብሔራዊ ኢንሹራንስ ቢያንስ 40 በመቶ የአእምሮ ጉዳት ለተመዘገበላቸው ሰዎች ይሰጣል። በውስጡ ድጋፍ ያለው መኖሪያ፣ በሥራ ቦታ አብሮት የሚቆም አጋዥ፣ ትምህርት ማሟያ፣ ማኅበራዊ ክበብና የጥርስ ሕክምና ይገኙበታል። የትኛው እንደሚሰጠው የሚወስነው ኮሚቴ ነው።

ለዚያ ኮሚቴ ዝግጅት ያስፈልጋል። ልጅዎ የሚታከምበት ቦታ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ካለ አስቀድመው ቀጠሮ ያዙለት፤ በዕብራይስጥ «ሪፑይ በኢሱክ» ብለው ይጠይቁ። ኮሚቴው «ምን ትፈልጋለህ?» ሲለው ልጅዎ በገዛ አንደበቱ አንድ ተጨባጭ ነገር ቢናገር፣ ለምሳሌ «ጠዋት ጠዋት መጋዘን ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ» ቢል፣ «ምንም አይቸግረኝም» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ከመቀመጥ እጅግ ይሻለዋል። በባህላችን ሹም ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ዝምታው «አገልግሎቱን አይፈልግም» ተብሎ ሊተረጎምበት ይችላል። ቋንቋ የሚቸግርዎት ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ታናሽ እህቱን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ፤ ለእርሷም ሸክም ነው፣ እርሱም በእርሷ ፊት ገመናውን አይናገርም።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ይህን ባለሙያ የት እናገኛለን? ክፍለ ሀገር ያለነውስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በአገራችን ባለሙያው ጥቂት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በሙያው የዲግሪ ትምህርት ስለከፈተ ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል፤ እርስዎ ላሉበትም የሚቀርበው ጎንደር ነው። አዲስ አበባ ላሉት መነሻው አማኑኤል ሆስፒታል ነው።

ባለሙያ በሌለበት ግን ሁሉ ነገር ይቆማል ማለት አይደለም። በደቡብ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ነገር ግን ለዚሁ የሠለጠኑ የአካባቢ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ከሕመምተኛውና ከቤተሰቡ ጋር ሠርተዋል፤ ከ12 ወር በኋላም የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ እነዚህ በዕለት ኑሯቸው የተሻለ አቅም ታይቶባቸዋል። ስለዚህ በቅርብዎ ያለውን የአእምሮ ጤና ነርስ ያነጋግሩ። ሲቀርቡ «መድኃኒት ይቀየርልን» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ ያለፈውን ሳምንት ሕመምተኛው በየትኛው ሰዓት ምን ሲሠራ እንደዋለ በአንድ ወረቀት ጽፈው ይስጧቸውና «ከዚህ ውስጥ የቱን እንጀምር?» ብለው ይጠይቁ።