ኢንፊውዥን ፓምፕን ከስልክ ለመቆጣጠር ላሰበችው ተማሪ

እህቴ፣ «የመመረቂያ ሥራዬ ኢንፊውዥን ፓምፕን ከስልክ የሚቆጣጠር መተግበሪያ ነው፤ ከምን ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ኢንፊውዥን ፓምፕ መድኃኒትን በተወሰነ ፍጥነት ወደ ደም ሥር የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ከማሳየት ጀምሪ፤ መተግበሪያሽ መጀመሪያ ፓምፑ የሚሠራውን ብቻ ያሳይ፣ ፓምፑን ማዘዙ ይቆይ።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በአንድ ሆስፒታል የባዮሜዲካል ጥገና ክፍል እሠራለሁ። ከባልደረባዬ ጋር እንዲህ ያለ መተግበሪያ ሠርተን ነበር። የሞከርነው በሕመምተኛ ላይ አይደለም፤ በጥገና ጠረጴዛችን ላይ፣ በውሃና በመለኪያ ብርጭቆ ነው። ፓምፑ በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ ከስልኩ አዘዝን። ወሩ ሐምሌ ነበርና ከጣና በኩል ነጎድጓድ መጣ፤ መብራት ሄደ። ፓምፑ በባትሪው ቀጠለ፣ ዋይፋዩ ግን ጠፋ። ባልደረባዬ ፓምፑን በእጁ አቆመው። ስልኩ ግን ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ «20 ሚሊ ሊትር በሰዓት፣ በመሥራት ላይ» እያለ በአረንጓዴ ቀለም ይዋሽ ነበር። በውሃው ፈንታ የሕመምተኛን የደም ግፊት የሚደግፈው አድሬናሊን ቢሆንስ? ነርሷ ስልኩን አምና ሌላ አልጋ ዘንድ ትቆይ ነበር።

ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ስልኩ የላከው ሳይሆን ፓምፑ የመለሰው ይሁን። መቼ እንደተነበበም አጠገቡ ጻፊ። ግንኙነት ሲቋረጥ ቁጥሩን አጥፊና «ግንኙነት የለም፤ ፓምፑን ሄደው ይመልከቱ» የሚል መልእክት አውጪ። ፓምፑም ያለ ስልክ ሥራውን መቀጠል፣ ደወሉንም ራሱ ማሰማት አለበት።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ! ስልኩ 2:00 የሚለው ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቁጥሩን ብቻ ካሳየሽ ተረኛዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብላ ልታነበው ትችላለች፤ መድኃኒቱ 6 ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። «ሌሊት» ወይም «ጠዋት» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ አትለዪው። 5.0 ብለሽም አትጻፊ፤ ነጥቧ ካልታየች 50 ይሆናል።

ማዘዙ ላይ ስትደርሺ ሲምቢክ የተባለውን ፓምፕ አስቢ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሆስፒታሎች መጠቀሙን እንዲያቆሙ አሳስቦ ነበር፤ ያልተፈቀደለት ሰው በሆስፒታሉ ኔትወርክ ገብቶ የመድኃኒቱን መጠን ሊቀይር ይችል ስለነበር። አይኤስኦ 14971 እና አይኢሲ 62304 የተባሉትን የሕክምና መሣሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ኮድ ከመጻፍሽ በፊት አንብቢ፤ የመጀመሪያው ስለ ስጋት፣ ሁለተኛው ስለ ሶፍትዌር አሠራር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አስፈቅደሽ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ሌሊት ከነርሶቹ ጋር እደሪ። ጓንት ባጠለቀ እጅ የትኛው ቁልፍ እንደሚነካ፣ የትኛው እንደሚሳት ታያለሽ። በውሃ ስትሞክሪም ፓምፑ እየሠራ ሳለ የዋይፋዩን ገመድ ሆን ብለሽ ንቀዪውና ስልኩ ምን እንደሚል ተመልከቺ። የመለኪያ ዕቃ ከቸገረሽ ንገሪኝ፤ በእኛ ክፍል አብረን እንሞክረዋለን።